በላይኛው መሻገሪያ

ዛሬ የአያቴ አርባ ነው። ሞላሌ ለትምህርት ስመላለስ፣ ዛሬ ምን ተማርሽ ብለውኝ አያውቁም። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር መደባቸው ላይ እንደተቀመጡ የቀሚሴን ጫፍ ይዳስሳሉ፤ ደረቅ ከሆነ ወንዙን ውሃ በማይነካው በላይኛው መሻገሪያ ዞሬ መምጣቴን ያውቃሉ።

አንድ የበልግ ቀን ወንዙ ሞልቶ ሳለ በአቋራጭ ተሻገርኩ፤ ለጥቂት ነው ውሃው ያልወሰደኝ። ቀሚሴን ጨምቄ ገባሁ።

«በየት መጣሽ?» አሉኝ ጫፉን እንደያዙ።

«በላይ፣ አባባ።»

አልተቆጡም። በማግስቱ ትከሻዬን ይዘው በላይኛው መንገድ አደረሱኝ። አረፈድን።

«ትምህርት ቤቱ የትም አይሄድም፤ ዙሪ» አሉኝ።

ለቀብራቸው ስመጣም ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ ዞርኩ። አፈር ከለበሱ በኋላ ደረስኩ። ቤት ገብቼ ባዶው መደባቸው ፊት ቆምኩ። የቀሚሴ ጫፍ ደረቅ ነበር።