በቁሙ ፍትሐት የተደረገለት ሰው

አያ አስማረ ሃያ ሦስት ልጆች ክርስትና አንስቷል። አንዱ እኔ ነኝ። በስማዳ፣ ከወገዳ በላይ ባለችው ደጋ አገራችን፣ ወንድ ልጅ ተወልዶ አርባ ቀኑ ሲቃረብ አባትየው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እሱ ቤት ነበር። እጁ ቀና ነው፣ እሱ ያነሳው ልጅ አይቀጭም ይባላል። ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ ደስ ሲለው ደግሞ መደበቅ አይችልበትም። ጠላ ሞቅ ሲያደርገው "የሁሉንም ስመ ክርስትና እዚህ ይዤዋለሁ" እያለ ግንባሩን በጣቱ ይነካል። "ቄሱ ቢረሳ እኔ አልረሳም!"

ያለ ምክንያት አልነበረም የሚመካው። በእኛ አገር ስመ ክርስትና በየሜዳው የሚጣል ነገር አይደለም። ምቀኛ ሰምቶ ለጠንቋይ እንዳያቀብለው ይፈራል። እናት ታውቃለች፣ የክርስትና አባት ያውቃል፣ የንስሐ አባት ያውቃል፤ በቃ። ሰው ዕድሜውን ሁሉ በዓለም ስሙ ሲጠራ ይኖርና ያኛው ስም የሚፈለገው ሲቆርብና ሲሞት ነው። ሲሞት ቄሶቹ ፍትሐቱን የሚያደርሱት፣ ነፍሱን ማርልን ብለው የሚለምኑት በዚያ ስም ነው።

እሱ ራሱ ገብስና ባቄላ የሚያርስ፣ አጠር ብሎ ደረቱ የሰፋ፣ ሲስቅ ትከሻው የሚርገፈገፍ ገበሬ ነበር። ልጅ አልወለደም። ሚስቱም አስቀድማው ሞታለች። ሃያ ሦስት ልጅ ያስነሳውም ይኸው ይመስለኛል። እኛን "አንተ በሉኝ፤ አንቱታ ለባዳ ነው" ብሎ ስላስለመደን ዛሬም ስለ እሱ ስጽፍ አንቱ ማለት እጄን ይከብደዋል።

ከሃያ ሦስቱ አንዱ ደሴ ነው። የተወለደው ጣልያን በወጣ በዓመቱ፣ በሐምሌ በዓታ ለት ነው፤ እናቱ የዚያኑ ለት እሱን ስትገላገል ሞተች። አባትየውም ልጁ ጥርስ ሳያበቅል ተከተላት። ያኔ ዘጠኝ ዓመት የሆናት እኅቱ ጌጤ ከአክስቷ ጋር ሆና አዝላ አሳደገችው። አክስቲቱም ኋላ ሞተች። ስለዚህ የደሴን ስመ ክርስትና የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ቀሩ፤ ያጠመቁት አባ ኪዳነ ማርያምና ያነሳው አያ አስማረ። አባ ኪዳነ ማርያም ደግሞ ባለቤታቸው ሲያርፉ መንኩሰው፣ ጋይንት ቤተ ልሔም ገብተዋል።

በ1956 ዓ.ም. መኸር ደሴ ከጓደኞቹ ጋር ሰሊጥ ሊያጭድ ሑመራ ወረደ። ጓደኞቹ በጥር ተመለሱ፤ እሱ ግን በንዳድ ሞቶ እዚያው ተቀብሯል። ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር። አያ አስማረ ካነሳቸው ሁሉ የሞተ የመጀመሪያው እሱ ነው።

እኔ መካነ ኢየሱስ ከተማ አስተምር ነበርና ለጥምቀት መጥቼ መርዶው ላይ ደረስሁ። አስከሬን ስለሌለ ጌጤ የደሴን ጋቢ አልጋ ላይ ዘርግታ ታለቅሳለች። መምሬ ቀለመ ወርቅ፣ በአባ ኪዳነ ማርያም ቦታ ከእስቴ የመጡት ቄስ፣ መጽሐፉን ይዘው ብድግ አሉና "ስመ ክርስትናው ማን ነበር?" ብለው ጠየቁ።

ጌጤ ቀና ብላ አያ አስማረን አየችው። ሁላችንም አየነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ራሱ ነው የነገረኝ። አፉን ሲከፍት ጭንቅላቱ ባዶ ጎተራ ሆነበት። ሃያ ሁለቱ ስሞች አሉ፤ የደሴ የለም። "ረሳሁ" እንዳይል፣ ያ ሁሉ ሰው ግንባሩን ሲነካ ያየው ነው። ሰው ይጠብቃል፣ መምሬ ይጠብቃሉ፣ የጌጤ ዓይን አለ። አንድ ስም ከአፉ ዱብ አለ።

"ወልደ ሰንበት" አለ።

የራሱ ስመ ክርስትና ነው። የንስሐ አባቱ አባ ኪዳነ ማርያም ናቸው፣ እሳቸው ደግሞ ጋይንት ናቸው፤ መምሬ ቀለመ ወርቅ በምን ያውቁታል? ወልደ ሰንበት የሚባል ሰው እንደሁ በየደብሩ ሞልቷል። መምሬ ራሳቸውን ነቅንቀው "ነፍሰ ገብርከ ወልደ ሰንበት" ብለው ጀመሩ። አያ አስማረ ጀርባው ላይ ቀዝቃዛ ውኃ የፈሰሰበት መሰለው። ኧረ እኔ እዚህ ነኝ፣ ቆሜአለሁ ሊል ፈለገ። አላለም።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ይህኛውን ወለምታ ደግሞ ከእሱ በቀር ያወቀ አልነበረም። በሣልስቱ እናገራለሁ አለ። ሣልስቱ ሲደርስ ሰው በዛበት። በሰባቱ መምሬ ተቆጥተው ዋሉና ፈራ። እንዲህ እያለ አርባው ደረሰ። ጌጤ ያለቻትን አንዲት ጊደር አሳርዳ፣ ጠላዋን ጠምቃ ካህናቱን ሰበሰበች። አያ አስማረን ከካህናቱ ቀጥሎ አስቀመጡት፤ የክርስትና አባት ነዋ! የተዝካሩን ዳቦ ቆርሳ መጀመሪያ ለእሱ ሰጠችው።

"ይብሉለት፣ አያ አስማረ። ለእሱ ነፍስ ነው" አለችው።

በላው። በጠላ ገፋው። ኋላ ያን ዳቦ ሲያነሳልኝ፣ "የሞተው ልጅ ደጅ ቆሞ፣ እኔ ቁሜ የእሱን በላሁበት" አለኝ።

ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱም በወልደ ሰንበት ስም ተደረገ። ከዚያ በኋላ እግዚአብሔር ይቀጣኛል ብሎ ሲጠብቅ ጭራሽ ነገሩ ሁሉ ቀናው። በ1958 በረዶ የአገሩን ገብስ ሲያነጥፍ የእሱን ማሳ ዘሎት ሄደ። ላሞቹ በየዓመቱ ይወልዳሉ። ጎረቤቱ "እጁ ቀና የሚባል በከንቱ ነው?" ይላል። እሱ ግን ያ ሁሉ በረከት የደሴ እንደሆነ፣ ካህናት ለሙት የለመኑት ወደ ቋሚ እንደ መጣ እርግጠኛ ነበር። ክርስትና አንሳልን ብለው ሲመጡ "እጄ ደክሟል" እያለ መለሳቸው። ኮራ ተባለ። እኔም ኮራ ካሉት ነበርሁ፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ስድስት ዓመት እንዲህ ሄደ።

ጌጤ በየዓመቱ በሐምሌ በዓታ ለእናቷ ትዘክራለች። አያ አስማረ አንድም ዓመት ቀርቶ አያውቅም። በ1962ም የባቄላ ወጡን ቀርቦ ሲበላ ጌጤ ጠላ ልትቀዳለት አጠገቡ ጎንበስ አለችና እዚያው ቀረች።

"ደሴን አየሁት" አለችው ቀስ ብላ። "በሕልሜ። አንድ ትልቅ በር ላይ ቆሟል። ሰው በስም በስሙ እየተጠራ ይገባል። እሱን የሚጠራው የለም። 'ምነው አልገባህም?' ስለው 'መች ጠሩኝ?' አለኝ። ምን አጎደልሁበት፣ አያ አስማረ? አርባውን አውጥቻለሁ፣ ሙት ዓመቱን አውጥቻለሁ። እርስዎ ሽማግሌ ነዎት፤ እስቲ ይንገሩኝ፣ ምን አጎደልሁበት?"

"ምንም አላጎደልሽ" አላት። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

በማግሥቱ ዱላውን ይዞ ወደ ቤተ ልሔም ተነሣ። በበጋ የሁለት ቀን መንገድ ነው። በሐምሌ ወንዙ ሁሉ ሞልቶ፣ እየጠበቀ፣ እየዞረ፣ በዝናብ ተደብድቦ በአራተኛው ቀን ገባ። አባ ኪዳነ ማርያምን የድጓ ተማሪዎች ከሚያዜሙበት አጠገብ፣ በአንዲት ጎጆ ደጃፍ ተቀምጠው አገኛቸው። ዓይናቸው ጠፍቷል። ቤቶች ብሎ ገና ሲጣራ "ወልደ ሰንበት!" አሉት። "ድምፅህ አረጀ፣ ልጄ።"

ያን ስም ከሰው አፍ የሰማው ከደሴ ሙት ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። እግራቸው ላይ ወድቆ አለቀሰ፤ ሁሉንም ነገራቸው። አባ እስኪጨርስ ሰሙት።

"ልጁ የተወለደው መቼ ነው?" አሉት።

"እናቱ በሞተችበት ለት። በሐምሌ በዓታ።"

አባ ጣታቸውን እየቆጠሩ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። "አርባው የነሐሴ ሚካኤል ላይ ይውላል። በሚካኤል ቀን ለማጠምቀው ወንድ ልጅ ምን ስም እሰጥ ነበር?"

"ኃይለ ሚካኤል" አለ አያ አስማረ፣ ከአፋቸው ሳይወጣ። ያን ለት ጭቃውን እየረገጠ ሕፃኑን ደረቱ ላይ አቅፎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ፣ ፍልሰታ ስለሆነ ድግሱ ሽሮ ብቻ ሆኖ ሰው ሲያጉረመርም፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣለት።

አባ አላጽናኑትም። "መምሬ ቀለመ ወርቅም እዚያው ለቅሶው ቤት ቆጥረው ያገኙት ነበር" አሉት። "የጎደለችው 'ረሳሁ' የምትል አንዲት ቃል ናት። በየዓመቱ በልጁ የልደት ቀን፣ ጌጤ ቤት ቁጭ ብለህ ስትበላ ኖረሃል።"

"እንግዲህ ቀኖናዬን ይስጡኝ፣ አባ።"

"ለእኔ መናገርህ ቀላሉ ነው። ሂድና ለጌጤ ንገራት።"

በዚያው ዝናብ ተመለሰ። ጌጤን ከጓሮዋ ድንች ስትኮተኩት አገኛትና ቆሞ፣ ቆቡን አውልቆ ነገራት። የራሱን ስም እንደ ሰጠ፣ ፍትሐቱ ሁሉ ለእሱ እንደ ተደረገ፣ ጊደሯ የታረደችው ለእሱ እንደሆነ፣ ሁሉንም። ጌጤ ዶማዋን መሬት ላይ ተከለችው።

"ስድስት ዓመት?" አለች።

"ስድስት ዓመት።"

"ደጅ ላይ አቁመውት?"

ጌጤ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋችው። እሱ ዝናቡ ላይ ብዙ ከቆመ በኋላ ሄደ።

የመንገዱ ብርድ ሳንባው ውስጥ ገብቶ ኖሯል፤ በሦስተኛው ቀን ተኛ። ክረምት ነውና ትምህርት ቤት ተዘግቶ አገሬ ነበርሁ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ያስታመምሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ሁሉም ያኔ ነው የነገረኝ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ የሃያ ሦስታችንንም ስመ ክርስትና አንድ ሳይስት ጠራልኝና በእርሳስ ጻፍሁለት። የመጨረሻው ኃይለ ሚካኤል ነበር። ጽፌ ስጨርስ አንድ ነገር ከነከነኝ። ሠላሳ ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ አባቴ ያልሁትን ሰው አንድ ቀን እንኳ "ያንተስ ስም ማን ነው?" ብዬ ጠይቄው አላውቅም ነበር።

ሊሞት ሲል መምሬ ቀለመ ወርቅንና ሽማግሌዎቹን አስጠራ። ለእነሱም ተናዘዘ። መምሬ ደንግጠው አማተቡ።

"አንድ አደራ አለኝ" አላቸው። "ስሞት የኔን ስም እንዳትጠሩ። የኔ በቁሜ ተደርጎልኛል፤ ጨርሼ በልቼዋለሁ። ኃይለ ሚካኤልን ጥሩ።"

"እንዲህ ያለ ሥርዓት የለም፣ አስማረ" አሉ መምሬ። "ሙቱ አንተ ሆነህ ስምህ እንዴት ይዘለላል?"

"የእሱስ ስም ተዘሎ የለም?"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። በመጨረሻ አንደኛው "የተበደለችው ጌጤ ናት፤ እሷ የፈረደችውን" አሉ። አያ አስማረ በዚያ ተስማማ። ቃሉን የሚነግር ሰው ወደ ጌጤ ላክን፤ አልመጣችም። በማግሥቱ ሞተ።

ቀብሩ ለት ካፊያ ነበር። አገሩ ሁሉ ወጥቷል። እኛ እሱ ያነሳን ልጆች፣ ያለነው ያህል፣ ቃሬዛውን ተሸክመን አስገባነውና ከጉድጓዱ አፍ አስቀመጥነው። መምሬ መጽሐፉን ይዘው አይጀምሩም። ሰዉ ምን እንደሚጠብቁ ስላላወቀ ይንሾካሾካል። እኔ የማየው የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር በር ነው፤ ጌጤ የምትመጣ አልመሰለኝም።

መጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደ ሐዘንተኛ ለብሳለች። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላትና ቃሬዛው ራስጌ ቆመች።

"ጌጤ" አሏት መምሬ፣ "ቃሉን ሰምተሻል። ማንን ልጥራ?"

ዝናቡ ፊቷ ላይ ይወርዳል፤ አልጠረገችውም። ትረግመዋለች ብዬ ፈራሁ። ብትረግመውም አልፈርድባትም ነበር።

"ሁለቱንም ጥሩ፣ መምሬ" አለች። "ወንድሜን አስቀድሙ።" ጎንበስ ብላ እጇን ቃሬዛው ላይ አሳረፈች። "ያኔም አቅፈው ያስገቡት እሳቸው ናቸው። አሁንም ይዘውት ይግቡ።"