የሙላት ቆርቆሮ

ባለፈው እሑድ ቡራዩ ታክሲ ተራ ቆሜ ሳለ አንዲት ልጅ አንድ ጎልማሳ በክንዱ ይዛ ወደ ተራ አስከባሪው ቀረበች። መጠጥ ያቆሙ ሰዎች የሚሰበሰቡበት አዳራሽ የት እንደሆነ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው። እሱ ግን የተሰለፈው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ፣ «ከጠርሙስ ፍቺ የሚጠይቁት ጋ ነው?» አለና ሰውን አሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በዚያች ልጅ ቦታ አንድ ጊዜ ቆሜአለሁ።

ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩበት ዓመት ነው። እናቴ እዚሁ ቡራዩ አረቄ ታወጣ ነበር። አምስት ልጅ ያሳደገችው በዚያ ነውና ክፉ ልላት አልችልም። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዩኒፎርሜን ሳላወልቅ እቀዳለሁ። ታላቅ ወንድሜ ጌታሁን አናጢ ነበር፤ ያኔ የሠራው ቁም ሣጥን ዛሬም በሩ ገጥሞ ይዘጋል። በዚያ ክረምት ግን ምስማር መያዝ አቃተው፤ ደምም ተፋ። ሐኪሙ መጠጣቱን ከቀጠለ ዓመት እንደማይደርስ ነገረን። እናቴ፣ ሐኪም የማይለው የለም አለች።

ሰበታ ውስጥ ኦቦ ዲንቃ የሚባሉ ከጤና ጣቢያ ጡረታ የወጡ ድሬሰር እንዳሉ የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ራሳቸው ጠጪ የነበሩ ናቸው፤ እሑድ እሑድ መጠጥ የተውትንና መተው የሚፈልጉትን ቤታቸው ይሰበስባሉ ተባለ። ሰበታ መሆኑን ወደድኩት። እዚያ የሚያውቀን የለም ብዬ ነው።

ነሐሴ ነበር። በአስኮ አዲስ አበባ ገብተን፣ በዓለም ገና አድርገን ሄድን። የፉሪ ኮረብታ በጉም ተሸፍኗል፤ መንገዱ ጭቃ ብቻ። ጌታሁን በዚያ ብርድ ያልበዋል። ሰበታ ስንወርድ መንገድ ዳር ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ ገዝቼ ልጬ ሰጠሁት፤ እጄን መትቶ ጣለው።

«ለሰው አሳይተሽ ልትመልሺኝ ነው?» አለኝ።

የኦቦ ዲንቃን ቤት የጠየቅሁት ድንች ሻጯን ነው። «የሰካራም ዕድር ነዋ» አለችና ወንድሜን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ይኼስ ቀባሪ ይዞ ቢሄድ ይሻለው ነበር።» አጠገቧ ያሉት ሴቶች ሲስቁ በቢላዋዋ ወደ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ አመለከተችን።

ቤቱ ውስጥ ስምንት ዘጠኝ ወንዶች አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ መሀል ላይ ውሃና የገብስ ቆሎ አለ። ገና ከበሩ ሳናልፍ አንዱ ብድግ አለ። ሙላት ነበር፤ የቡራዩው ግንበኛ። የቤቱን ጣራ ቆርቆሮ አንድ በአንድ እየነቀለ ለእናቴ እየሰጠ የጠጣ ሰው ነው። ዝናብ ሲገባ ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ሄደች፤ እሱም ከሰፈር ጠፋ፤ የሞተ መስሎን ነበር። አረቄ የምናወጣበት ኩሽና የተከደነው በእሱ ቆርቆሮ ነው።

ለኦቦ ዲንቃ፣ «ይቺ እዚህ አትቀመጥም» አላቸው። «ስትቀዳልን የኖረች ናት።»

ኦቦ ዲንቃ ወንድሜ እንዲገባ፣ እኔ ግን በረንዳ ላይ እንድጠብቅ ፈለጉ። ጌታሁን ይህን ሲሰማ ለመሄድ ዞረ። ኮቱን ያዝኩት። ከዚያ በር ከተመለሰ ሌላ በር እንደማያንኳኳ አውቃለሁ።

ሙላት ወደ እኔ መጣ። «እስቲ ንገሪን። ለወንድምሽ መጀመሪያ የቀዳለት ማን ነው?»

ጌታሁን የመጀመሪያ ደመወዙን ያመጣ ቀን ነበር። እናቴ ከኩሽና ሆና፣ ለወንድምሽ ቅጂለት አለችኝ። መለኪያውን አጥቤ፣ አፉ ድረስ ሞላሁት። ያን ቀን ኮርቼም ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ያጽናናኝ የለም። ኦቦ ዲንቃ ብቻ የአግዳሚውን ጫፍ አሳዩኝና፣ «ኮቱ፣ ነይ ተቀመጪ» አሉ። ሙላት ከእኔ ጋር ላለመቀመጥ ወደ ቦታው አልተመለሰም፤ ስብሰባው እስኪያልቅም እንደቆመ ነበር። ስንወጣ በሩ ላይ አገኘኝ። «ዝናብ ሲጥል ጣራዬ ሲጮህ ትሰሚዋለሽ፤ እኔ ነኝ የማልሰማው» አለኝ።

በማግሥቱ ጌታሁን መሰላል አቆመ። ጉጠቱ ከእጁ እየወደቀ፣ እኔ እያነሣሁ እያቀበልኩት፣ የኩሽናውን ጣራ እስከ ከሰዓት አወረድነው። ዝናቡ ድፍድፉ ውስጥ ገባ። እናቴ ግቢው መሀል ቆማ፣ «ያጠባሁሽ ጡቴ ይፋረድሽ» አለችኝ። ለጌታሁን አንድ ቃል አልተናገረችም።

ቆርቆሮውን በጭነት መኪና ሰበታ አደረስን። ሙላት የምስማሩን ቀዳዳዎች በጣቱ ዳሰሳቸው፤ አላመሰገነም። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ስንገናኝ ሰላም ብሎኝ አያውቅም። እናቴ አዲስ ቆርቆሮ አልብሳ ሥራዋን ቀጠለች፤ እኔና ጌታሁን ቤት ተከራይተን ወጣን። እስክትሞት ከእጄ አልበላችም። ጌታሁን ከዚያ በኋላ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖረ፤ አልጠጣም። ስለዚያ ጣራ ግን አንሥተን አናውቅም።

የታክሲ ተራዋን ልጅ አዳራሹ በር ድረስ ሸኘኋት። ሰውዬውን ለቀቅ አድርጋ፣ «እማማ፣ እኔንስ ያስገቡኛል?» አለችኝ። ምን እንዳደረገች አልጠየቅኋትም።

«ደስ ላይላቸው ይችላል» አልኳት። «አንቺ ግን ተቀመጪ።»

ገቡ። ወደ ቤቴ ስመለስ ሙላትን አሰብኩ። ያን ቀን ይቅር ብሎኝ ቢሆን ኖሮ አመስግኜው እመለስ ነበር፤ ጣራውን ግን አወርደው ነበር ብዬ አላስብም።