የካዛንቺሱ ሕንፃ በረንዳ

«ይሄ እኮ ኮንዶሚኒየም ነው!»

ሰብሳቢው ይህን ሲሉ ዲዛይኔን በጣታቸው እንኳ አልነኩትም፤ በመነጽራቸው እጀታ ገፋ አደረጉት። ላንቻ ተወልዶ ያደገ ሰው ስድብ አይደንቀውም፣ እኔም ብዙ ሰምቻለሁ። ይሄኛው ግን አንጀቴ ድረስ ነው የገባው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ አርክቴክት ነኝ። አርክቴክት ነኝ ስላችሁ ታዲያ እነዚያን ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች የማቆም እንዳይመስላችሁ። ቢሯችን ውስጥ ሌሎቹ ሕንፃውን ይስላሉ፣ እኔ የሕንፃውን ሽንት ቤትና ደረጃ እስላለሁ። ለዓመታት! በዚህ ከተማ ስንቱ ሰው እኔ በሳልኩት ሽንት ቤት እንደተገላገለ ፈጣሪ ይወቀው። አንድም ቀን ግን «ያ ሕንፃ የእኔ ነው» ብዬ ጣቴን ቀስሬ አላውቅም። እናቴ ለጎረቤት «ልጄ ፎቅ ትሠራለች» ማለት ስትጀምር፣ «የቱን?» እንዳይሏት ፈጥኜ ወሬ እቀይር ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ነጋዴዎቹ መጡ። ድሮ ካዛንቺስ ውስጥ ጎን ለጎን ሱቅ የነበራቸው ሰዎች ናቸው፤ ተሰባስበው አክሲዮን አቋቁመው እዚያው ሰፈር ሃያ ፎቅ ሊያቆሙ ተነስተዋል። አለቃችን ሥራ በዝቶበት ስለነበር «እስኪ አንቺ ሞክሪው» አለኝ። ሞከርኩት ብቻ? ተኛሁበት፣ ተነሳሁበት! ለእያንዳንዱ ፎቅ ዙሪያውን ሰፊ በረንዳ ሰጠሁት፤ ፀሐይ ሲበረታ ጥላ የሚሆን፣ ዝናብ ሲመጣ መስኮት ሳይዘጉ የሚያስቀምጥ። የድሮዎቹ የካዛንቺስ ቤቶች እኮ በረንዳ ነበራቸው። ሰው የሚጫወተው፣ የሚታማውም እዚያ ነበር። ቤቶቹ ፈረሱ፤ በረንዳው እንኳ ለሰፈሩ ይቅርለት ብዬ ነው።

የነጋዴዎቹ ቦርድ ሰብሳቢ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ፣ ይህ ሁሉ አልገባቸውም። «ልጄ፣ በረንዳ ካለ ነገ ልብስ ይሰጣበታል። ደግሞ በረንዳ አይከራይም። እኛ የምንፈልገው ሰማያዊ መስታወት ነው፣ ከላይ እስከ ታች! ደምበል የቆመ ሰው ዓይኑ እስኪያጭበረብር የሚያየው!» ቦርዱም «ልክ ነው፣ ልክ ነው» አለ። ከመካከላቸው አንዲት እትዬ ብቻ፣ የድሮ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፣ «መስታወትማ ያምራል። ማን ሊያጥበው ነው?» ብለው ጠየቁ።

ከጎኔ የሚቀመጠው የሥራ ባልደረባዬ በበኩሉ ባለመስታወቱን ሕንፃ ስሎ ጨርሷል። ደሜ ፈላ።

«አንቺ ደግሞ አታካብጂ!» አለኝ። «ክሊየንቱ ግላስ ካለ ግላስ ነው፣ በቃ።»

«እዚህ ስንቀቀል መዋላችን አይታይህም?»

«እሱማ... ማለቴ፣ መጋረጃ አለ አይደል እንዴ?»

ቢሯችን ራሱ ያለው እንዲያ ዓይነት ሕንፃ ውስጥ ነው። ጠዋት የመጣ ሰው «እንዴት ያምራል!» ብሎ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይዋ በምዕራብ በኩል ትገባና ትጠብሰናለች። መስኮቱ የሚከፈተው ለድመት እንኳ አይበቃም። መጋረጃ እንዘጋለን፤ ክፍሉ ሲጨልምብን ደግሞ በጠራራ ፀሐይ መብራት እናበራለን። ጋሼ የሚመጡት ሁልጊዜ ጠዋት ነው። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

አለቃችን ነገሩ ሲከርር «ስብሰባ ይጠራና ሁለቱም ይቅረቡ» አለ። «የአንቺን እምቢ ካሉ በቃ የእሱ ይሄዳል፤ ሽንት ቤትና ደረጃውን ታግዢዋለሽ።» ያን ሰዓት ውስጤ የተነሳውን እሳት እኔ ነኝ የማውቀው። ስብሰባውን የማዘጋጀቱ ሥራ የእኔ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብዬ ጠራሁት።

ፋሲካ እየተቃረበ ስለነበር የጽዳት ሠራተኛችን መጋረጃዎቹን ለእጥበት አውርዳቸዋለች። ከስብሰባው በፊት ልስቀላቸው ወይ ብትለኝ «ኧረ ይድረቁ በደንብ» አልኳት።

ቀጥሎ ወንበሮቹን ደረደርኩ። እንግዲህ በእኛ አገር ትልቅ ሰው በር ሥር አይቀመጥም፤ ወደ ውስጥ፣ ወደ ላይ ነው። የክብር ወንበሮቹን በሙሉ፣ የአለቃችንን ባለቆዳ ወንበር ጨምሬ፣ ጀርባቸውን ለመስታወቱ ሰጥቼ አሰለፍኳቸው። ጋሼ ሱፋቸውን ከነክራቫቱ ግጥም አድርገው፣ ባርኔጣ ደፍተው ሲገቡ ከወገቤ ጎንበስ አልኩ።

«ኖር ጋሼ! ኧረ ከላይ፣ ከላይ ይቀመጡ!»

ተደስተው ተቀመጡ። የቦርድ አባላቱም ግራና ቀኝ፤ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊያቸው ጠረጴዛው ጫፍ ላይ። እትዬ «እኔ እዚሁ ይበቃኛል» ብለው በር ሥር ቀሩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል።

መጀመሪያ ባልደረባዬ ቀረበ። ፕሮጀክተሩን ቢያበራ ግድግዳው ላይ ምንም አይታይም፤ ብርሃኑ ዋጠው። «እንትን... መጋረጃ የለም እንዴ?» አለ። «እጥበት ላይ ነው» አልኩት። አየኝ። ገባው። እንደምንም በቃሉ አስረዳና ላቡን እየጠረገ ተቀመጠ።

እኔ በካርቶን የሠራሁትን ሞዴል ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና ጀመርኩ። አልቸኮልኩም። ስለ መሠረቱ ተናገርኩ፣ ስለ ሊፍቱ ተናገርኩ። አንዱ የቦርድ አባል ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ወጣና ሲመለስ ወንበሩን ትቶ በሩ ጋ ቆመ። ሌላው ኮቱን አወለቀ፤ ትንሽ ቆይቶ ወንበሩን ይዞ ወደ ጥላው ተሳበ። ጋሼ ብቻ ቀሩ። ሰብሳቢ ናቸው፣ የክብር ቦታ ትተው የት ይሄዳሉ? ባርኔጣቸውን አውልቀው አጀንዳው በተጻፈበት ወረቀት ማጅራታቸውን ማራገብ ያዙ።

«ጋሼ፣ ቦታ ልቀይርልዎት?»

«ምንም አልሆንኩም! ቀጥዪ!»

ቀጠልኩ። በመጨረሻ እትዬ አላስቻላቸውም። «ኧረ እባክህ ተነስ፣ ፊትህ በርበሬ መሰለ እኮ!» አሉ። ከዚያም ወደ ሰዉ ዞረው «ቆይ፣ እኛ ይሄን ምጣድ በሃያ ፎቅ ልናበዛው ነው እንዴ የተሰበሰብነው?» አሉ።

ጋሼ አንገታቸውን በመሐረብ ጠርገው እኔን ትክ ብለው አዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ስብሰባውን ዘጠኝ ሰዓት ያደረገው ማነው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ወንበሩንስ?»

«እሱንም እኔ ነኝ።»

አለቀልኝ አልኩ። አለቃችን መሬት መሬቱን ያያል። ጋሼ መሐረባቸውን እንደጨበጡ «በረንዳ የምትሉ እጅ አውጡ» አሉ። የእትዬ እጅ ወጣ። በሩ ጋ የቆመው አወጣ፣ ጥላው ውስጥ የገባውም አወጣ፣ ከዚያ ሁሉም። መጨረሻ ላይ የራሳቸው የጋሼ እጅ፣ ከነመሐረቡ፣ ቀስ ብሎ ተነሳ። እትዬ እልልታቸውን ለቀቁት! አሸነፍኩ! ዛሬ ያ በረንዳ ፎቅ በፎቅ ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ታክሲ ውስጥ ለማላውቀው ሰው ሁሉ «የእኔ ነው» እላለሁ፣ ምን አባቴ ላድርግ።

ያን ቀን ግን ገና አላለቀም። ጋሼ ከወንበሩ ብድግ አሉ። እሳቸው ሲነሱ ቤቱ በሙሉ ተነሳ።

«ነይ» አሉኝ፣ ባለቆዳውን ወንበር በእጃቸው እያሳዩ።

«ኧረ ጋሼ! እንዴት ተደርጎ!»

«ከላይ ነው የአንቺ ቦታ። በሞቴ፣ ከላይ!»

ትልቅ ሰው ቆሞ፣ በሞቴ ብሎ ሲያስቀምጥ እምቢ አይባልም። ተቀመጥኩ። ቆዳው ከታች፣ ፀሐይዋ ከማጅራቴ፣ እሳት! እንደዚያ ቀን ግን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጋሼ ጥላው ውስጥ ከእትዬ አጠገብ ወንበር ሳቡና ተደላደሉ። ከዚያ ወደ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊው ዞሩ።

«ቀስ ብለህ ጻፍ፣ ልጄ» አሉት። «ማንም የሚያስቸኩለን የለም።»