ከጋሽ ዋልልኝ የሰረቅኩት ኪራይ

ጋሽ ዋልልኝን ሦስት ጊዜ ሰድቤያቸዋለሁ። ሁለቱን ፊት ለፊት፣ አንዱን በሆዴ። አሁን ስለ እሳቸው ማውራት ከጀመርኩ የማላቆመውም ለዚያ ይመስለኛል።

እኔ ፈንታነሽ እባላለሁ። ደብረ ታቦር ውስጥ ገብስ ቆልቼ፣ አስፈጭቼ በሶ እሸጣለሁ። ከዚያ በፊት ሪያድ አምስት ዓመት የሰው ቤት ሠርቻለሁ። ስሄድ ልጄ ሰላማዊት ሁለት ዓመቷ ነበር። ስመለስ ሰባት ሞልቷት፣ በሩ ላይ ቆማ «ማንን ፈልገው ነው?» አለችኝ። የገዛ ልጄ አንቱ አለችኝ። ያን ቀን ያለቀስኩትን ለቅሶ ለጠላቴም አልመኝም። ዳግመኛ ከዚህች ልጅ አልለይም ብዬ ማልኩና በቋጠርኩት ብር ገብስ ገዝቼ ሥራ ጀመርኩ።

በሶዬ ጥሩ ነው፤ ራሴን ላወድስ ብዬ አይደለም። ገብሱ ከጉና ሥር የሚመጣ ነው፣ የወንድሜ ሚስት ጥሩወርቅ ደግሞ አቆላል ታውቃለች፤ አንዲት ፍሬ አታሳርርም። ችግሩ ገዢው እዚህ አለመሆኑ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ ማን በሶ ይገዛል፣ ሁሉም በቤቱ አለው። የእኔ ገዢ አዲስ አበባ ያለ አስናቀ የሚባል ባለሱቅ ነው። እንግዲህ እኔም ልጄም ጥሩወርቅም የምንኖረው በአንድ አይሱዙ ጀርባ ላይ ነው ማለት ይቻላል። የአይሱዙው ባለቤትም ሹፌርም ጋሽ ዋልልኝ ናቸው።

ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል። የተወለዱት እዚሁ ከከተማው አለፍ ብሎ፣ ጋፋት ነው። በልጅነታቸው ወፍጮ ቤት ጆንያ ተሸክመዋል፣ ቀጥሎ ረዳት ሆኑ፣ ከዚያ ሃያ ዓመት የሰው መኪና ነድተው ነው የራሳቸውን የገዙት። ወሬ አይወዱም። ጭነት የሚያስሩት በእጃቸው ነው፤ ሌላ ሰው ያሰረውን ገመድ ፈተው እንደገና ያስራሉ። ደብተር የላቸውም። ዕቃ ስታመጡላቸው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «የማን ነው?» ስም ትነግሯቸዋላችሁ። ከዚያ በኋላ ያ ዕቃ ያ ስም ካለው ሰው እጅ ሳይገባ መኪናቸው ወደኋላ አይመለስም። መጋዘን ጥሎ መምጣት፣ ለጎረቤት ሰጥቶ መምጣት የሚባል ነገር እሳቸው ዘንድ የለም። አንድ ጊዜ የአንዲት ባልቴት ቅቤ ይዘው፣ የባልቴቷን ልጅ ቤት ሲፈልጉ አዲስ አበባን ግማሽ ቀን ዞረዋል። ቅቤው ሁለት ኪሎ አይሞላም ነበር።

ሌላም አለ። እሳቸውና በዚህ መንገድ የሚሠሩ የእኛ አገር ሹፌሮች የቤተ ክርስቲያን ዕቃ አያስከፍሉም። ጧፍ ይሁን፣ ዕጣን ይሁን፣ ለዝክር የሚሄድ እህል ይሁን፣ ጆንያው ላይ መስቀል ተሥሎ የታቦቱ ስም ከተጻፈበት ጋሽ ዋልልኝ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይቀበሉታል። ከሥር አይጭኑትም፤ ከሁሉ በላይ ነው የሚያስቀምጡት። ይህን ልብ በሉልኝ።

ሥራ ስጀምር ኪራዩ ብዙ የሚያስጨንቅ አልነበረም። ቆይቶ ጨመረ። ዓመት ሳይሞላው እጥፍ ሆነ። እንደገና ጨመረ። አንድ ቀን ሰው መሀል «ጋሼ፣ ናፍጣ ሲጨምር አንቱም ይጨምራሉ፤ ናፍጣ ሲቀንስ ግን ሲቀንሱ አይቼዎት አላውቅም» አልኳቸው።

«ናፍጣ ቀንሶ ያውቃል እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ደሜ ፈላ። በሌላ ጊዜ ደግሞ «ጡረታዎን በእኔ ጆንያ ሊያወጡ ነው?» አልኳቸው። ገመዳቸውን ማጥበቅ ቀጠሉ። ይኼ ከመልሳቸው የበለጠ አናደደኝ።

አምና ሁዳዴ ሊገባ ሲል አስናቀ ደወለና አሥር ማዳበሪያ ሙሉ በሶ አዘዘኝ። በጾም በሶ እንደ ጉድ ነው የሚሸጠው። ደስ ብሎኝ ሳላበቃ ኪራዩ ጨመረ ተባለ። አስቤ አስቤ፣ ገብሱን፣ ወፍጮውን፣ ኪራዩን ቀንሼ ሳየው ለልጄ የምትተርፈኝ የደብተር መግዣ ብቻ ሆነች። ለካ እኔ ለመንገዱ ነበር የምሠራው። የዚያን ሰሞን ፓስፖርቴን አውጥቼ ለደላላ ሰጠሁ። ይህ የጾም ገበያ ካላዋጣኝ ተመልሼ ሪያድ ልሄድ ነው። ለሰላማዊት አልነገርኳትም። ምን ብዬ እነግራታለሁ?

በዚያ ንዴት ላይ ሆኜ ነው ማርከር ያነሳሁት። ከአሥሩ ማዳበሪያ በአራቱ ላይ መስቀል ሣልኩ፤ ከሥሩ «የመድኃኔዓለም» ብዬ ጻፍኩ።

እሑድ ጠዋት ጭነቱን ወሰድኩ። «የማን ነው?» አሉ እንደ ልማዳቸው።

«ስድስቱ የአስናቀ፣ አራቱ የመድኃኔዓለም።»

«የትኛው መድኃኔዓለም?»

«ከአስናቀ ሱቅ ፈንጠር ብሎ ያለው። እዚያው ሱቅ ያውርዱት፣ እሱ ያደርሰዋል» አልኩ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ባርኔጣቸውን አወለቁ። አራቱን ማዳበሪያ በየተራ ተሸክመው ከላይ አስቀመጡ፣ ሸራውንም አስተካክለው አለበሱት። የስድስቱን ብቻ ከፈልኩ። ይኼ ቂል ሽማግሌ፣ አልኩ በሆዴ። ሦስተኛው ስድብ ይህ ነው።

ማክሰኞ አስናቀ ደወለ። «ፈንታነሽ፣ አሥር ብዬሽ ስድስት ትልኪያለሽ? ሰኞ ጾም ይገባል እኮ። ቀሪው እስከ ቅዳሜ ካልደረሰ ከደብረ ብርሃን የሚያመጣልኝ ሰው አለ፤ ከእንግዲህ ከእሱ ነው የምወስደው» አለኝ።

ክው አልኩ። ለጋሽ ዋልልኝ ደወልኩ። ድምፃቸው ደስ ብሎታል።

«አደረስኩት ልጄ፣ የታቦት ዕቃ ሱቅ አያድርም ብዬ ራሴ ወሰድኩት። ለቄሰ ገበዙ በእጃቸው አስረከብኩ። ስሟ ማነው ብለው ጠየቁኝና ነገርኳቸው፤ በስምሽ ጸሎት አድርሰው መረቁሽ።»

ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ። ሰውዬው ዕቃን ለባለስሙ ሳይሰጡ እንደማይመለሱ አገር ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። መስቀሉን ስሥል ግን የታየኝ የሚቀርልኝ ኪራይ ብቻ ነበር። አሁን በሶው ሄደ፣ ገዢዬም ሊሄድ ነው፣ በላዩ ላይ ደግሞ ተመርቄያለሁ።

ጥሩወርቅ ሁሉንም ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፤ እንደማልስቅ ስታይ ነጠላዋን አደግድጋ «ተነሽ፣ ገብስ አለ» አለችኝ። ሁለት ቀን ቆላን፣ አስፈጨን። ሐሙስ ከሰዓት አራት ማዳበሪያ ሞላ። የሚወስድልኝ ግን አልነበረም፤ ሌሎቹ ሹፌሮች ወይ ናፍጣ የለንም አሉ፣ ወይ ሞልተናል። ጋሽ ዋልልኝ ያን ዕለት ነው ከአዲስ አበባ የገቡት። ቤታቸው ሄድኩ። እግራቸውን ታጥበው ገና መቀመጣቸው ነበር።

«ጋሼ፣ የመድኃኔዓለም ያልኩት ውሸት ነው። የራሴ በሶ ነበር። ኪራይ ላለመክፈል ነው» አልኩ። ከዚያ ወዲያ ያለውን በለቅሶ ነው የተናገርኩት፤ የአስናቀን፣ የፓስፖርቱን፣ የልጄን ነገር ሁሉ ዘረገፍኩት።

እግራቸውን በፎጣ ማድረቅ ጀመሩ። እንደሚያባርሩኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

«ከሰኞ በፊት አልወጣም ብዬ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ነገ ጎሕ ሲቀድ ነይ። አንቺም አብረሽ ትሄጃለሽ፤ ጭነትሽን ራስሽ ታስረክቢያለሽ።»

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ አራቱን ማዳበሪያ ጭነን እኔ ጋቢና ተቀመጥኩ። ወረታ ስንደርስ የማደያው ሰልፍ ከከተማው ወጥቶ ነበር። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ቆምን፤ ተራችን ሲቀርብ አለቀ ተባለ። ጋሽ ዋልልኝ አልተሳደቡም። አንድ ግቢ ገብተው በጀሪካን ገዝተው መጡ። ዋጋውን ስሰማ ጆሮዬ የተሳሳተ መሰለኝ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አልኳቸው። «አንዳንዴ ጀሪካኑም አይገኝም፤ ሁለት ቀን አድሬ አውቃለሁ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ያየሁትን ሁሉ ብነግራችሁ መሽቶ ይነጋል። በየኬላው ገመድ ተወጥሯል፤ አንዱ ደረሰኝ ይሰጣል፣ አንዱ አይሰጥም፣ ሁሉም ግን ይቀበላል። ባሕር ዳርን አልፈን ጎማ ፈነዳ። ተጠባባቂውን ጎማ ሲያወርዱት አየሁት፤ እሱም ተለጥፎ ተለጥፎ ያለቀ ነው። «ድሮ አንድ ጎማ በአንድ በሬ ዋጋ ይገዛ ነበር፤ አሁን ጥማድ በሬ ሸጠሽም አይበቃሽ» አሉኝ ብሎን እየፈቱ። የፍሬን ሸራውም፣ ዘይቱም በዶላር የሚመጣ ነውና ዶላር በወጣ ቁጥር አብሮ ይወጣል። ስንመለስስ የሚጫን አለ ወይ አልኳቸው። ሰው የሚገዛው ስለቀነሰ ነጋዴውም እያነሰ ነው የሚያስጭነው፤ ግማሽ ባዶ ሆነው የሚመለሱበት ቀን በዝቷል። የባዶው መንገድ ናፍጣም ከሄደው ጭነት ላይ ነው የሚወጣው። እኔ እኮ ኪራይ ስከፍል ለእሳቸው ኪስ የምከፍል ነበር የመሰለኝ።

ማታ ቡሬ ያደርንበት ቦታ ጭነት የሚያገናኝ ይሻው የሚባል ሰው መጣ። እኔን አያውቀኝም። «ዋልልኝ፣ ያቺን የደብረ ታቦር የበሶ ሴትዮ ዛሬም በዚያ ዋጋ ነው የምትጭንላት? እኛ የት ደረስን፣ አንተ የት ቀረህ» እያለ ሳቀባቸው። «የራሴ ጉዳይ ነው» ብለው ወሬውን ቆረጡት። እኔ የደፋሁት ሻይ ጠረጴዛውን አጥለቀለቀው።

በማግስቱ ዓባይ በረሃ እስክንወርድ ታገስኩ። «ጋሼ፣ ከሌላው ሰው ያነሰ ነው የሚያስከፍሉኝ?»

«ጨምሬብሻለሁ እኮ።»

«ሌላው ሰው ስንት ይከፍላል?»

መለስ ብለው አላዩኝም፤ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። «ልጄ አዲስዓለም ሪያድ ናት» አሉ። «ከሄደች ዘጠኝ ዓመቷ። እናቷ ስትሞት እንኳ አልመጣችም፤ አሠሪዎቿ አይለቋትም። አንቺ ተመልሰሽ ይህን ሥራ ስትጀምሪ፣ አንዷ እንኳ ልጇን ታሳድግ አልኩ። ከዚህ በላይ ላጎድልልሽ ግን አልቻልኩም፤ መኪናውም መብላት አለበት።»

ቂል ያልኩት ሽማግሌ ይህ ነው። ወደ መስኮቱ ዞሬ አለቀስኩ፤ እሳቸውም ያላዩ መሰሉ። ዓባይን ተሻግረን ዳገቱን ወጣን።

ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አስናቀ ሱቅ ደረስን። መዝጊያውን ግማሽ ድረስ አውርዶት ነበር። ለደብረ ብርሃኑ ሰው ደውሎለታል፤ እሱም ናፍጣ ፍለጋ ላይ ነኝ ብሎት አልመጣም። አራቱን ማዳበሪያ አንድ በአንድ አየ፣ እጁን አስገብቶ ቀመሰ። «ትንሣኤ ከመድረሱ በፊት ሌላ አሥር ላኪልኝ» አለኝ። ማዳበሪያው ላይ ቁጭ አልኩ። ሪያድ ቀረ ማለት ነው።

ያገኘሁትን ብር ይዤ ወደ ጋሽ ዋልልኝ ሄድኩ። የአሁኑን ከፈልኩ። የእነዚያን የአራቱን ደግሞ ስቆጥር እጄን ያዙኝ።

«የታቦት ዕቃ አላስከፍልም» አሉኝ።

«ውሸት ነበር ብዬ ነግሬዎት የለ?»

«ለመድኃኔዓለም ደርሷል፤ ለነዳያን ተከፋፍሏል። ምኑ ላይ ነው ውሸቱ?» አሉና ሸራቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

እሑድ ጠዋት ያ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ደጁን ሳምኩ። ለንስሐ አባቴም ሳልደብቅ ተናግሬያለሁ። ደብረ ታቦር ስመለስ የመጀመሪያ ሥራዬ ፓስፖርቴን ከደላላው መቀበል ነበር። ከዚያ ወዲህ ኪራዩ ሁለት ጊዜ ጨምሯል። ያማል፤ አያምም አልልም። ግን ሌላው ሰው የሚከፍለውን ያህል ክፈዪ ቢሉኝም ባይሉኝም እከፍላለሁ፣ በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባም አራት ማዳበሪያ የእውነት የመድኃኔዓለም ብዬ እልካለሁ።

ዘንድሮ ጎረቤቴ ካሰች ሪያድ ስትሄድ ሻንጣዋ ውስጥ ትንሽ ቦታ ለመንኳት። ሁለት ኪሎ በሶ አስተካክዬ አሸግኩና ጋሽ ዋልልኝን ቤቴ ጠራኋቸው። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ማርከሬን አነሳሁ።

«የማን ነው?» አልኳቸው።

ፌስታሉንም ማርከሩንም አዩ። መልሳቸውን ሳልጠብቅ እኔው ጻፍኩት፦ የአዲስዓለም ዋልልኝ። ካሰችንም እጇ ላይ ሳትሰጪ እንዳትመለሺ ብዬ በልጆቿ ስም አስምያታለሁ።

ጋሽ ዋልልኝ ጽሑፉን ብዙ አዩት። «ኪራዩ ስንት ነው?» አሉኝ።

«አያስከፍልም» አልኳቸው።

ባርኔጣቸውን አወለቁና ፌስታሉን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።