እግሬ የተከሰሰበት ፒካፕ

የመኪናውን ቁልፍ ከእጄ የነጠቀኝ ዋርሳዬ ነው፤ የባሌ ታላቅ ወንድም። ባሌ ባረፈ በዓመቱ፣ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ በተከፈተ ሰሞን፣ ሽንፋ አጠገብ ባለው እርሻችን፣ ሰሊጥ ሊያጭዱ በመጡ ሠራተኞች ፊት። ሌላ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን አልረሳሁም።

ፒካፑ የባሌና የእሱ የጋራ ነበር። ከሱዳኗ ገላባት የተገዛ አሮጌ መኪና ነው፤ በሩ ላይ የዓረብኛ ጽሑፍ ነበረበት፤ ምን እንደሚል ጠይቄ አላውቅም። መንዳት ያስተማረኝ ባሌ ነው፣ ማሽላው ከተነሳ በኋላ ባዶው ማሳ ላይ። አጠገቤ ተቀምጦ መፋቂያውን እያኘከ፣ «ፍሪሲዮኑን ስትለቂ፣ የተኛ ልጅ ከጀርባሽ እንደምታወርጂ ይሁን» ይለኛል። ፔዳሉን እለቀዋለሁ፤ መኪናው ዘሎ ሞተሩ ይጠፋል። «ልጁ ነቃ!» ይልና ይስቃል። የማሽላው ጉቶ ከጎማው ስር ሲሰባበር የሚያሰማው ድምፅ ዛሬም በጆሮዬ አለ። መስኮቱ አይዘጋም ነበርና አቧራውን እኩል እየበላን ወደ ቤት እንመለሳለን። እንደዚያ ጊዜ የሳቅሁበት ዘመን የለም።

ከዚያ ወዲህ ውሃ በበርሜል፣ ሠራተኛ ከገንዳ ውሃ ከተማ የማመላልስ እኔ ሆንሁ። ባሌ ሲሞት የቀረኝም መሪው ነበር። መሪ የያዘ ሰው ወደ እርሻው ምን እንደገባ፣ ምን እንደወጣ ያያል። መሪውን ካጣሁ እኔና ልጆቼ የዋርሳዬን እጅ ጠባቂ መሆናችን ነው። እሱም ይህን ያውቃል።

በእኛ ቆላ ክረምት ሲገባ ጥቁሩ አፈር መኪና ቀርቶ አህያ ይይዛል። ስለዚህ ፒካፑ እርሻው ላይ፣ ዳስ ውስጥ ይከርማል። በዚያ ክረምት አብሮት የከረመው ዋርሳዬ ነበር። እኔ ከልጆቼ ጋር ገንዳ ውሃ ነበርሁ።

መንገዱ ሲደርቅ በትራክተር ሄጄ ፒካፑን አመጣሁና ሠራተኞቹን ጫንሁ። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ስቀይር መኪናው እንደ ደነበረች በቅሎ ዘለለ። ሦስተኛም ላይ እንዲሁ። ከኋላ አንዱ ጎጃሜ ጮኸ፦

«እታለም፣ ቀስ! ሰው ነን እንጂ የደረቀ ሰሊጥ አይደለንም፤ ምን ታራግፊናለሽ?»

«ተዋት፣ ፍሬ እንዳለን እያየች ነው!» አለ ሌላው።

ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። እርሻው ስንደርስ ግን ዋርሳዬ ቆሞ ሲያየን ነበር።

«የሴት እግር ካምቢዮ ጨረሰ!» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ። «ወንድሜ ነው ያሞላቀቀሽ።» እጁን በመስኮቱ አስገብቶ ቁልፉን ነቀለና ለሚስቱ ወንድም ሰጠው። ያን ጊዜ የሳቀ የለም። ወደ ከተማ የተመለስሁት በዚያው መኪና ጭነት ላይ፣ ከባዶ በርሜሎች ጋር ነው።

የሚስቱ ወንድም ሲነዳውም መኪናው መዝለሉን አልተወም። «እሷ ያበላሸችው ነው» ተባለ። በመጨረሻ ገንዳ ውሃ ጋራዥ ገባ። ማንም አልጠራኝም፤ ሰምቼ ሄድሁ። መካኒኩ ግዙፍ ወሎዬ ነው፤ የማርሹን ቤት፣ ካምቢዮውን፣ አውርዶ ከፍቶታል።

«ጋሼ፣ የዚህ ማርሽ ጥርስ ከእኔ ጥርስ ይሻላል» አለው ዋርሳዬን፣ የጎደለ ጥርሱን እያሳየ።

«አትድከም። እግሯ ነው።»

«አሁን የምትነዳው እሷ አይደለችም። ወይስ እግሯን ለሚስትዎ ወንድም አበደረችው?»

ካምቢዮው ተመልሶ ከታሰረ በኋላ መሪው ላይ ልቀመጥ አልሁ። ሞተሩን ሳላስነሳ ፍሪሲዮኑን ረገጥሁ። ወረደ። እግሬን ሳነሳ ግን ተከትሎኝ አልመጣም፤ ወደ ኋላ ቀረና ከዚያ ድንገት ተወረወረ። ስንት ዓመት ከእግሬ ጋር ሲነሳ የኖረ ፔዳል ነው።

«ና እየው» አልሁት መካኒኩን። «ዘግይቶ ነው የሚመጣው።»

ጎንበስ ብሎ አየ። ኮፈኑን ከፈተ፤ ለፍሪሲዮኑ የፍሬን ዘይት የሚጨመርበትን ትንሽ ዕቃ ክዳን ፈታ፤ ጣቱን ነክሮ አሸተተ። ከዚያ ጣቱን ወደ እኔ ዘረጋው። በእኛ አገር ይህን ሽታ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። የሰሊጥ ዘይት ነው።

«ይህ መኪና ላይ ወጥ የሠራ ማነው?» አለ መካኒኩ።

ዋርሳዬ ወደ መንገዱ አየ። «ክረምት ነው፤ የፍሬን ዘይት ከየት ይምጣ? ጎድሎ አገኘሁት፤ ጨመርሁበት። ዘይት ዘይት ነው።»

«እግሬን በሰው ፊት ሲያዋርዱ ይህን ያውቁ ነበር?» አልሁት።

«ትንሽ ነው የጨመርሁት» አለ። የመለሰው ለመካኒኩ ነው።

የሰሊጡ ዘይት ፍሪሲዮኑ መስመር ውስጥ ያሉትን ትናንሽ ጎማዎች አሳብጧቸው ኖሯል፤ ያበጠ ጎማ ቱቦው ውስጥ እየተጣበቀ ነው ፔዳሉን የሚያዘገየው። አዲስ ጎማ ከገላባት መጣ። መስመሩ ታጠበ። መስመሩ ውስጥ የገባውን አየር ስናስወጣ መካኒኩ መኪናው ስር ተኝቶ፣ እኔ ፔዳሉ ላይ ሆንን። «ርገጪ! ያዢ! ልቀቂ!» ይለኛል። እረግጣለሁ፤ ዘይቱ ይፈሳል፤ ፔዳሉ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። የጋራዡ ቆርቆሮ በፀሐይ ይንጣጣል፤ ላቤ ዓይኔ ይገባል። አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነበር፤ ቢሆንም መፋቂያ የሚያኝክ ሰው የተቀመጠበት መሰለኝ። ከዚህ በላይ ስለዚያ አልጽፍም።

በሽንፋ መንገድ ሞከርሁት። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። አንድም ጊዜ አልዘለለም።

ስመለስ ዋርሳዬ እጁን ዘርግቶ ቁልፉን ጠየቀኝ። «በቃ ተሠራ። የሚስቴ ወንድም ይንዳው። ያለፈውን አናንሳ።»

«በሠራተኞቹ ፊት የተናገሩትን በሠራተኞቹ ፊት ይመልሱት።»

«ለቀን ሠራተኛ ምን ልበል? ዘይት ተሳሳትሁ ልበል?»

ቁልፉን አልሰጠሁትም። ሽማግሌ ላክሁ። ከባሌ የእርሻ ድርሻ እኩሌታውን ለእሱ ለቅቄ ፒካፑን ለብቻዬ ወሰድሁ። ውሃና ሰው እያመላለስሁ ልጆቼን አሳደግሁ። ዋርሳዬን የሽንፋ መገንጠያ ላይ መኪና ሲጠብቅ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። አላቆምሁለትም።