ለሐኪም ተነግሯል

ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ሕሙማን በሚተኙበት ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችውን ነርስ፣ ባልደረቦቿ «ጠንቋይዋ» ይሏታል። የልብ ምት መቆጣጠሪያው መሣሪያ ሳይጮህ እሷ ታውቃለቻ! እንዴት እንዳወቀች ብትጠየቅ ግን «እኔ እንጃ፣ ፊቱ አላማረኝም» ከማለት ሌላ መልስ የላትም። ይኼ ደግሞ ሐኪም ፊት ማስረጃ አይባልም፤ ቁጥር የለውማ።

ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት፣ በዋዜማው ሆዱን ኦፕራሲዮን የሆነ ልብስ ሰፊ ፊቱ አላማራትም። ብርድ ልብሱን እየገፈፈ ይቁነጠነጣል፤ ከንፈሩ ነጥቷል። ከውስጥ እየደማ እንደሆነ አወቀች። ለተረኛው ወጣት ሐኪም ነገረችው።

«የደም ግፊቱ ደህና ነው እኮ፣ ሲስተር» አለ ከካርዱ ላይ ቀና እንኳ ሳይል። «ሰውዬው ፈርቶ ነው።»

ዋናው ሐኪም ፎቅ ላይ ነበሩ፤ የስልክ ቁጥራቸውም ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ተረኛውን ዘሎ መደወል ግን እንደ ድፍረት ይቆጠራል፤ ከዓመታት በፊት አንዴ ደውላ «ማን ነኝ ብለሽ ነው?» ተብላ ኩምሽሽ ብላለች። ስለዚህ ብዙ ነርሶች የሚያደርጉትን አደረገች። ካርዱ ላይ «ለሐኪም ተነግሯል» ብላ ጻፈች፤ ሰዓቱን ሞላች፤ ፈረመችና ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደች። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ልብስ ሰፊው ሞተ።

አሟሟቱን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚቴ ያቺን መስመር ጮክ ብሎ አነበበ። ወጣቱ ሐኪም ተቀጣ፤ እሷ ተመሰገነች። ጉድ እኮ ነው፣ ሁለት ቃል ከሰው ነፍስ በልጦ ተገኘ! ከዚያ ወዲህ በዚያ አልጋ ስንቱ ተኝቶ ድኖ ሄዷል፤ እሷ የምታየው ግን ልብስ ሰፊውን ነው። አንሶላ ስታነጥፍ ከጎኗ ሲቁነጠነጥ ይሰማታል። ሰው ከሌለ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ይቅርታ ትለምነዋለች።

ሰኞ ዕለት የልብስ ሰፊው ሚስት መጣች። የኮሚቴውን ውሳኔ ያነበበችው ገና በቅርቡ ነው። ኮሪደሩ ላይ ሁለት እጇን ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት።

«ያየሽለት አንቺ ብቻ ነሽ፣ እህቴ። እዚህ ቤት አንድ ሰው እንደነበረው ሳውቅ እንቅልፍ ወሰደኝ። ላመሰግንሽ ነው የመጣሁት።»

ዝም ብትል ሴትየዋ እፎይታዋን ይዛ ትሄዳለች፤ እሷም ንጹሕ ተብላ ትኖራለች።

«አይቼለት ነበር» አለች። «እንደሚሞትም አውቄያለሁ። ግን አንዴ ተናግሬ ተውኩት።»

ሴትየዋ ቀስ ብላ እጇን ለቀቀቻት።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«ሦስት ሰዓት ላይ።»

«እኔ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር» አለች ሚስቱ። «ለእኔ ብትነግሪኝ እኮ፣ እጮህለት ነበር።»