ድንኳን ውስጥ ያደርኩት ወድጄ ነው

ዛሬ ጠዋት ጫካ መሃል ድንኳን ውስጥ እንደተኛሁ እናቴ ከሀዋሳ ደወለች። «ልጄ፣ ጎዳና ላይ ወድቀሃል አሉኝ፤ እውነት ነው?» ብላ አለቀሰች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ውጭ አገር ከምሠራበት ዌርሃውስ፣ ከዕቃ መጋዘኑ ማለቴ ነው፣ ትንሽ እረፍት አገኘሁና ከጓደኛዬ ከታምራት ጋር በርካሽ ካምፒንግ ወጣን። ድንኳኑ የውሰት፣ ምግባችን ዳቦና ቱና።

ትናንት ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ጥርሴን ስፍቅ ታምራት ፎቶ አነሳኝና ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። እዚህ ደግሞ ድንኳን ውስጥ የሚያድረው ቤት ያጣ ሰው ነው። በቃ። ሳይመሽ የኬንት ሰፈር አበሻ ለዋይት ሴንተር ሰፈር አበሻ ነገረ፣ ዋይት ሴንተር ለሀዋሳ።

እናቴን አረጋግቼ ሳልጨርስ ጎረቤቴ ጋሽ ከድር ደወሉ። «ከቤቴ ሥር ያለው ቤዝመንት ባዶ ነው፣ ና ግባ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ለመዝናናት እኮ ነው» አልኳቸው።

«ቤት ያለው ሰው ሜዳ ላይ ተኝቶ ይዝናናል?»

እሳቸውን አልቀየምም። እዚህ ካለው ሰው ለእኔ ለራሴ የደወሉልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ያናደዳችሁኝ ወሬውን ያዛመታችሁት ሌሎቻችሁ የዚህ አገር አበሾች ናችሁ። እዚህ አገር እንደመጣሁ፣ ያን ክረምት ሌክ ሲቲ ሰፈር መኪናዬን አቁሜ ውስጡ ሳድር ታውቁ ነበር። በመስኮት ሰላም ብላችሁኝ አልፋችኋል። ያኔ ለእናቴ የደወለ የለም። ቤዝመንት አለኝ ያለም የለም።

ታምራት አሁንም እሳት እያነደደ ይስቃል። ከእንጨቱ ጋር ልማግደው ምንም አልቀረኝ።

እናንተስ የምታነቡኝ፣ ስለ ራሳችሁ ከቤተሰብ የሰማችሁት ወሬ ምንድን ነው? እስቲ ጻፉልኝ።

አንተ ወሬውን ያደረስከው ደግሞ፣ የእናቴ ቁጥር እጅህ ላይ ነው። ደውልና ልጅሽ ቤት አለው በላት።